ጠብ መስሎኝ ገባሁ

ልጄ ኤልዳና ከሞተች ወዲህ አላለቀስሁም። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ወደ ባለቤቴ እየጠቆመ «አንተ ወንድ ነህ፣ እሷን አጽናናት» ሲለኝ እንባዬን ዋጥሁት፤ በኋላ ብፈልገውም እምቢ አለኝ። ባለቤቴም «ልጅቱ የእኔ ብቻ ነበረች እንዴ?» ማለት ጀመረች።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ፣ ቤት መግባቱን ስለፈራሁ በጣና ዳር በእግሬ ሳዘግም፣ ዛፎቹ ሥር አንድ ግዙፍ ሰው አንዱን ቀጭን ጎረምሳ አንገቱን ይዞ መሬት ላይ ሲደፍቀው አየሁ። ሌሎች ወንዶች ከበው ያያሉ።

«በማርያም፣ ሰው ሲሞት ቆማችሁ ታያላችሁ?» ብዬ መሐል ገባሁና ቀጭኑን አቅፌ ጎትቼ አወጣሁት።

«ወንድም፣ ልምምዳችንን አቋረጥህብን» አለኝ አሠልጣኛቸው።

ለካ የውዝዋዜ ቴአትር ነው። ወንዶች እንዴት እንደሚፈራሩና ፍርሃታቸውን እንዴት እንደሚደብቁ ያለ ንግግር፣ በሰውነታቸው ብቻ ያሳያሉ። ሁሉም ሳቁብኝ።

«ተዉ አትሳቁበት፤ አስተቃቀፉ እንደ እናት ነው» አለ ቀጭኑ።

አፍሬ ልሄድ ስል ግዙፉ ላቡን እየጠረገ ጠጋ አለኝ።

«እሱንማ ሁሌም የሚያነሣው አያጣም» አለ፤ «እኔንስ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ዓይኑን ሰበረ። አቀፍሁት። ከባድ ራሱን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ፣ ኤልዳና እንቅልፍ ሲጥላት እንዲሁ ታደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ። እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ድምፄም ወጣ።

ከከበቡን አንዱ ደንግጦ ሊያላቅቀን ጠጋ አለ።

«ተወው» አለ አሠልጣኙ፤ «አታቋርጠው።»