ክንዱን የሚነክረው ሰው

ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ባሏን አውቀዋለሁ ብላ ግን አፏን ሞልታ መናገር አትችልም። የዝናብ ልብስ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ጨርቁ ውኃ እንዳያስገባ የሚነከርበትን ኬሚካል ገንዳ ላይ ቆሞ እንደሚያዘጋጅ ታውቃለች። የሥራ ባልደረቦቹ «ክንዱ» እንደሚሉትም ሰምታለች። ለምን እንደሆነ የነገረቻት ግን ልጃቸው ናት፤ እሷም ባለፈው ወር እዚያው ከተቀጠረች በኋላ። መለኪያው ቁጥር ቢያሳይም አባቷ አያምነውም አሉ። እጅጌውን ጠቅልሎ ክንዱን እስከ ክርኑ ይነክርና አውጥቶ ሲንጠባጠብ ያየዋል። ፈሳሹ ቶሎ ከወረደ ቀጥኗል፣ ቆዳው ላይ ከዘገየ ወፍሯል። ጓንት እጅ ያደነዝዛል ባይ ነው። ደግሞም ስቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ባልየውን የመረመረው ሐኪም የአልትራሳውንድ ውጤቱን ይዞ ባልና ሚስቱን ፊት ለፊቱ አስቀመጣቸው።

«አባቴ፣ ጉበትዎ ላይ ስብ ተከማችቷል። መጠጥ ይወስዳሉ?»

«የምን መጠጥ? ሻይ ስደግም እንኳ ይቺ ትቆጣኛለች» አለ ባልየው።

ሐኪሙ አልሳቀም። ስለ ስኳር ጠየቀ፣ ስለ ምግብ ጠየቀ፤ ሰውየው እንደሆነ ነፋስ የሚወስደው ቀጭን ነው። በመጨረሻ ስለ ሥራው ጠየቀ። ስለ ክንዱ ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ መማል አልችልም» አለ። «ግን ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገቡ ለዓመታት አይወጡም። ለጉበት ስብ አስተዋጽኦ ሊኖራቸው ይችላል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ከገንዳው ይራቁ።»

ሥራ እንዲቀየርለት ደብዳቤ ጻፈለት። ባልና ሚስቱ ለልጅቷ ምንም ላለመናገር መንገድ ላይ ተስማሙ፤ እንዳትደነግጥ ብለው።

ሦስት ቀን ሙሉ ደብዳቤው ከኪሱ አልወጣም። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ትጎተጉተዋለች፣ እሱ «እሺ» ይላል። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ገባና ቁጭ አለ።

«ሰጠሁት። ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ነኝ።»

«እፎይ! ተመስገን!»

ወዲያው ልጅቷ በሩን በርግዳ ገባች።

«እማ፣ እልል በይልኝ! ሰኞ ገንዳው የኔ ነው!»

«የምን ገንዳ?»

«የአባዬ ነዋ! አለቃው የሚተካው ካልተገኘ አልለቀውም ብሎ ነበር። ከእኔ ሌላ ማን አለ? ወር ሙሉ አብሬው ስነክር አልነበር?» እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ አሳየቻት።

እናትየው የያዘችው ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ወደቀ።

«ሂጂ ታጠቢ።»

«ታጥቤያለሁ እኮ።»

«ድገሚ አልኩሽ!»

ልጅቷ «ደግሞ ምን ሆንሽ?» እያለች ወጣች። የቧንቧው ውኃ ሲወርድ ተሰማ። ሚስትየው ባሏ አጠገብ መጥታ ጎንበስ አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«ስሟን ለአለቃው የሰጠኸው አንተ ነህ?»

ሰውየው ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«እሱን አትጠይቂኝ» አለ።