ጫማዬን ያላወለቅሁበት ደን

የሳተላይት ምስል ማንበብ የተማርሁት፣ ግጥም መጻፍን እንደተማርሁት ሁሉ፣ ያለ መምህር ነው፤ ቢቸና፣ በጊዜያዊነት በተቀጠርሁበት የደን ቢሮ። ዓይን የማያየውን የብርሃን ክፍል ቀይ ቀለም ሰጥተን ስንከፍተው ለምለም ቅጠል ሁሉ እንደ ፍም ይቀላል፤ የተራቆተ አፈር ግራጫ ይሆናል።

ሞጣ አጠገብ ያለ የአንድ ደብር ገበዝ፣ በዕድሜ የገፉ ቄስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይራና ጥድ አልቆ ባሕር ዛፍ እየወረሰው ነው ብለው የአገር በቀል ችግኝ ጠየቁ። ችግኙ የሚፈቀደው ካርታው ጉዳቱን ካሳየ ብቻ ነበር። እኔ የተላክሁት ለኮምፒውተሩ «አሮጌ ደን ይህን ይመስላል» የሚሉ የናሙና ነጥቦችን በጂፒኤስ እንድመዘግብ ነው።

በዚያ ደብር ጫማ የሚወልቀው ከውጨኛው በር ነው። ዘንቦ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ሚኒባሱም ሊሄድብኝ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ አጥሩን በውጭ ዞሬ ነጥቦቹን ከዳር ወሰድሁና ተመለስሁ።

ካርታው ሲወጣ ደኑ ምንም አልጎደለበትም። ገበዙ ቢቸና ድረስ መጥተው አዩት።

«ይህ ሁሉ ወይራና ጥድ ነው የምትለኝ፣ ልጄ?»

«ኮምፒውተሩ ነው ያለው፣ አባ።»

«እሱስ በየት በኩል ገብቶ አየው?»

ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው አለቃዬ ሳቀ። «ገጣሚያችን በግጥም አስገብቶት ይሆናላ!»

አባ አልሳቁም። እኔም ያኔ ገባኝ። አጥሩ ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ባሕር ዛፉን አሮጌ ደን ነው ብዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ጥፋቴን እዚያው አባ ፊት ለአለቃዬ ተናገርሁ።

«ሪፖርቱ እኮ ነገ ይላካል!» አለ። ካርታውን እንደገና አየና፣ «ይቆይ፤ ሂድ፣ በእግርህ ግባ» አለኝ።

በማግስቱ ባዶ እግሬን ገባሁ። ጭቃው ይበርዳል። አባ ከአንዱ ወይራ ወደ ሌላው እየመሩኝ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉ ነበር፤ ነጥቤን እስክመዘግብ ይጠብቁኛል። የደረሱበትን ጉቶ ግን ሳይነኩት ያልፉታል። ከዛፉ ጉቶው በዛ።

በሳምንቱ በአዲሶቹ ነጥቦች የታረመውን ምስል በላፕቶፕ ይዤላቸው ሄድሁ። ባሕር ዛፉ ፈዛዛ ቀይ ሆኖ ግቢውን ሞልቶታል፤ አሮጌው ደን መሐል ላይ እንደ ደረቀ ደም ጠቁሮ ይታያል። አባ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት። የቀረው ሁሉ ከጣታቸው ሥር ገባ።

«አሁን እውነቱን ተናገረ» አሉ። ጣታቸውን ግን ቶሎ አላነሱም።