ለሁሉም የሚሆን መክሰስ

ልጆቹ የመዋዕለ ሕፃናቱን ምግብ አብሳይ «እታባ» ይሏታል። ከመካከላቸው አንዷ፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ፣ ወተት፣ እንቁላልና ለውዝ ስለማይስማሟት በመክሰስ ሰዓት ለብቻዋ ጥግ ላይ ትቀመጥ ነበር። እታባ ብታዝንላትም መመሪያ ነው ብላ መክሰሷን እዚያው ታቀርብላት ነበር።

አንድ ቀን ልጅቷ ከጓደኛዋ ብስኩት ቆርሳ ቀመሰች። ብስኩቱ ለውዝ ነበረበት። ወዲያው ከንፈሯ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። እታባ ለእንዲህ ያለ አደጋ የተቀመጠላትን የአለርጂ መርፌ ጭኗ ላይ ወግታ፣ አቅፋት ሐኪም ቤት በረረች። ልጅቷ ለጥቂት ተረፈች።

እናትየው እየሮጠች ደርሳ፣ «የኔ እናት፣ አትንኪ እያልኩሽ ለምን በላሽ?» አለቻት።

«እኔም ከነሱ ጋር ልብላ ብዬ» አለች ልጅቷ።

ይህ መልስ እታባን እንቅልፍ ነሳት። አለቃዋን ለምና መክሰሱን ለሁሉም አንድ ዓይነት አደረገችው፤ አንዳንዴ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ አንዳንዴ የበሰለ ሙዝ ከአጃ ጋር አሽታ የጋገረችው ብስኩት። ልጆቹ ወደዱት። ያቺ ልጅ ግን አልተመለሰችም።

እታባ ብስኩቱን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ልጅቷ ከእናቷ የስፌት መኪና ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትደረድራለች።

«አሁን ሁሉም የሚበሉት እሷ የምትችለውን ነው፤ ትምጣልኝ» አለች እታባ።

«ውለታሽን አልረሳም፣ እታባ። ግን ከዓይኔ ስትርቅ ነፍሴ ትወጣለች» አለች እናትየው።

እታባ ብስኩቱን ለልጅቷ ዘረጋችላት። ልጅቷ አሸተተችው፤ ከዚያ እናቷን አየች።

«ብይው፣ ምንም የለበትም» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ግን ያን ቀን ያበጠውን ከንፈሯን በጣቷ ነካች፤ እታባ ተሰናብታ እስክትወጣ ድረስም ብስኩቱን ሳትቀምስ በእጇ እንደያዘች ቀረች።