በአባቴ ካፖርት ኪስ ውስጥ

በከተማችን በጉንሳን የአባቴ እጅ ያላረፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው። ሥራው የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ ነው። የፈተና ሰሞን ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ "አንተ ለጣፊ ሆነህ ልጅህ እንዴት ትወድቃለች?" እያለ ይቀልድበታል። በእኛ ዘንድ የሚጣበቅ ነገር ፈተና ያሳልፋል፣ የሚያሟልጭ ነገር ይጥላል። ስለዚህ ለተፈታኝ የሚያጣብቅ ከረሜላ እንጂ የሚያሟልጨው የባሕር ቅጠል ሾርባ አይሰጥም።

ከረሜላውን እስኪያንገሸግሸኝ በልቼ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት የምንማረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለሚሰጥባት ለአንዲት ሐሙስ ነው። ግጥም አንብበን "ምን ተሰማችሁ?" ያለን መምህር ትዝ አይለኝም፤ "ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል" ያሉን ግን ሞልተዋል። በዚያች ሐሙስ ለተፈታኞች መንገድ እንዳይጨናነቅ መሥሪያ ቤቶች አርፍደው ይከፈታሉ፤ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና ሲጀመር ድምፁ እንዳይረብሽ አውሮፕላን እንኳ አያርፍም። ሰው ይህን እንደ ክብር ያወራዋል። እኔን ግን ያስፈራኛል። አገር ሙሉ ትንፋሹን ውጦ እየጠበቀ ማን ደፍሮ ይሳሳታል?

ለሦስተኛ ጊዜ ልፈተን ስመዘገብ አክስቴ ከቡሳን ለአባቴ ደውላ "ልጅህ ቦራም በመግቢያ ፈተና ዶክትሬቷን ልትይዝ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። "ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ጉልበቴ አይችልም። ይሄ የመጨረሻሽ ነው" አለኝ። ነርስ የመሆን ሕልሜ የሚያበቃው ወይም የሚጀምረው በዚያች ቀን ነበር።

ጠዋት የፈተናው ጣቢያ በር ላይ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አባቴ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለው።

"አባባ፣ አንተስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? ሂጂ! ደግሞ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ።"

"ፈተና ላይ ማን ይተኛል?"

"እናትሽ በሰርጓ ቀን ተኝታለች እኮ!"

እየሳቅኩ ገባሁ። "ስልክ የያዘ ያስረክብ" ሲባል የእኔ ቤት ስለነበር ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የጠዋቱ ፈተና ቀናኝ፤ ምሳዬንም በደስታ በላሁ። ተመልሼ እንደተቀመጥኩ ለአፍንጫዬ ሶፍት ፍለጋ እጄን ኪሴ ውስጥ ሰደድኩ። የነካሁት ግን ቀዝቃዛ፣ ጠፍጣፋ ነገር ነው። የአባቴ ስልክ።

በርቶም ሆነ ተዘግቶ ስልክ የተገኘበት ሰው ውጤቱ ይሰረዛል። ብናገርም አለቀልኝ፤ ዝም ብዬ ቢጮህም አለቀልኝ። አውጥቼ እንዳላየው ተቆጣጣሪዋ ፊቴ ቆማለች። አባቴን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ስልኩ ሲጠፋበት በእናቴ ስልክ እየደወለ ከሶፋው ሥር እስከ ሙጫ ባልዲው ድረስ ነው የሚያስሰው።

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ አየችኝ። "ፊትሽ አመድ መስሏል። አሞሻል እንዴ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ካፖርቱን አውልቂው እንጂ፣ ላብ አጠመቀሽ።"

"ይበርደኛል" አልኩ፤ ላቡ በአገጬ እየተንጠባጠበ።

ትንሽ ቆማ አየችኝና አለፈች። ማዳመጫው ተጀመረ። አንዲት ሴት ስለ ባቡር ትኬት ሰውዬውን ትጠይቀዋለች። ምን ብሎ እንደመለሰላት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ የማዳምጠው ኪሴን ነበር። የካፖርቱን ኪስ በጭኖቼ መሃል አጣብቄ፣ "አሁን ጮኸ፣ አሁን ጮኸ" እያልኩ ጥያቄ በጥያቄ ላይ አለፈኝ። መልሱን ሁሉ ሦስተኛው ምርጫ ላይ አጠቆርኩ። ከዚያ በኋላ ስለነበረው ፈተና ምንም አላስታውስም።

ሲመሽ በሩ ተከፈተ። አባቴ ጠዋት የተውኩት ቦታ ላይ በሹራብ ብቻ ቆሟል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል።

"እዚሁ ዋልክ?"

"ወዴት ልሂድ? ሥራ ብሄድም እጄ አይታዘዝልኝም። ካፖርቱ ሞቀሽ?"

ስልኩን አውጥቼ ዘረጋሁለት።

"ውይ! እኔ እኮ መንገድ ላይ የጣልኩት መስሎኝ..."

"ቢጮህስ ኖሮ አባባ?"

"በምን አፉ ይጮሃል? ከቤት ስንወጣ ነው የዘጋሁት። በር ላይ ቢጮህብኝ ልጆቹ ይደነግጣሉ ብዬ ፈራሁ።" ስልኩን ተቀብሎ በሹራቡ ጠረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። "ማዳመጫውስ? በደንብ ይሰማ ነበር?"

"አንድም ቃል አላመለጠኝም" አልኩት።