በሁለት ጾም መሀል ያለ ቀን

ባለፈው ሳምንት በባጃጅ ከገበያ ስመለስ አንድ ቤት ለሠርግ ዳስ ጥለው አየሁ። አሁን አሁን ሸዋ ሮቢት ውስጥ የቅጠል ዳስ የሚጥል የለም፤ ድንኳኑ ከነወንበሩ ይከራያል፣ ጠዋት ተተክሎ ማታ ይነቀላል። እነዚህ ሰዎች ግን ምን አስታውሷቸው እንደሆነ እንጃ፣ ዋንዛ ቆርጠው ዳሱን በቅጠል አልብሰውታል። ፀሐዩ ቅጠሉን አጠውልጎታል፣ አቧራው እንዳይነሳ ደግሞ መሬቱን ውሃ ረጭተውበታል። ያ የጠወለገ ቅጠልና የረጠበ አፈር ሽታ ሲመጣብኝ ባለባጃጁን «እስቲ አንዴ አቁምልኝ ልጄ» አልኩት።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» አለኝ ዞር ብሎ።

አላመመኝም። እትዬ ዘሀራ ትዝ ብለውኝ ነው።

እትዬ ዘሀራ በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው እስላም፤ በመሀላችን የነበረው የቁልቋል አጥር ነው፣ እሱም ዶሮም ልጅም የሚሾልክበት ቀዳዳ ነበረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው ሰፊ ሴት ነበሩ። አባታቸው አሊዩ አምባ ላይ ጨው ይነግዱ ነበር ይባላል። ባላቸው ቀድመው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም። ከዘመድ ያላቸው አንድ ወንድማቸው አያ አሊ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ በሰፈራችን ያለ እትዬ ዘሀራ የሚደገስ ድግስ አልነበረም። ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ አረፋ ይሁን ፋሲካ፣ ገና ሲታሰብ እሳቸው ይጠራሉ። ይመጡና ግቢውን በእርምጃ ይለካሉ፤ ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ይጭሩታል። «ሙሽሮቹ እዚህ። ሽማግሌ እዚህ፣ ጭስ እንዳይመጣበት። ሰካራሙን ከበሩ አጠገብ አስቀምጡት፣ ሲወድቅ ወደ ውጭ ይውደቅ።»

የአገራችንን ሥርዓት መቼም ታውቁታላችሁ። ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ጎረቤት ግን ሳይበላ አይሸኝም። ስለዚህ ክርስቲያን ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ በግ ገዝቶ በራሳቸው ሰው ያሳርዳል፤ ቢላው ሌላ፣ ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ዳሱም ሌላ። እስላም ሲደግስም እንደዚያው ነው። በኛ ሰፈር የእስላሙን በግ የሚያርዱት አያ አሊ ነበሩ፣ ድስቱን የሚጠብቁት ደግሞ እትዬ ዘሀራ። ሰው ያለ ሐሳብ እጁን ወደ ገበታው የሚሰደው እሳቸውን አምኖ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀኑን ማግኘት ነበር። እስላሙ ረመዳን ይጾማል፣ ክርስቲያኑ ሁዳዴ ይጾማል፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የነነዌ አለ። የሁሉም ሰው አፍ የተፈታበትን ቀን ፈልገው የሚያገኙት እሳቸው ነበሩ። ፊደል አይቆጥሩም። ጨረቃዋን ያያሉ፣ ከቄሱ ይጠይቃሉ፣ ሁለት ቀን ዝም ይላሉ፤ ከዚያ «ማክሰኞ» ይላሉ። በቃ ማክሰኞ ይሆናል።

እኛ ልጆች የምንወዳቸው ለወጋቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የሮቢ ወንዝ እንኳ ድምፁ የደከመ ሲመስል፣ ከሾላው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ማሾ ሲለቅሙ እንከባቸዋለን። በዓል ሁሉ ከየት እንደመጣ የሚነግሩን እሳቸው ነበሩ፤ የኛንም የነሱንም።

«የናንተ በዓል ባለርስት ነው» አሉን አንድ ቀን። «ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ከቦታው አይነቃነቅም። የኛ በዓል ግን መንገደኛ ነው። ዘንድሮ በበጋ ይመጣል፣ ከርሞ ከርሞ በክረምት ጭቃ ረግጦ ይመጣል።»

«ፋሲካስ? ፋሲካ ይዞር የለም?» አልኳቸው።

«ፋሲካማ ጎረቤት ለመጠየቅ ወጣ ይላል እንጂ ከሰፈሩ አይርቅም።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ አረፋ በግ ሲነግሩን ጠብ ተነሣ። እኛ አብርሃም ሊሠዋ የወሰደው ይስሐቅን ነው እንላለን፣ እስላሞቹ ልጆች እስማኤልን ነው ይላሉ። ልንቧቀስ ደረስን። እትዬ ዘሀራ ማሾአቸውን እየለቀሙ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የምትበሉት በጉን ነው፣ ልጁን አይደለም። ምን ያጣላችኋል?» አሉ።

የታላቅ እህቴ ሠርግ ጥር ላይ ሆነ። እኔ ዘጠኝ ወይ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ በሬ ጣለ፣ ለእስላም ጎረቤቶቻችን በግ አሳረደ። ሁለት ዳስ ተጣለ። ጠዋት ላይ ግን ያ የቆላ ነፋስ ተነሥቶ የእስላሙን ዳስ ገነጠለው፤ አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። እትዬ ዘሀራ የበጉን ወጥ አቧራ እንዳይገባበት ከነድስቱ ወደ ጓዳችን አስገቡት። እዚያ ደግሞ የበሬ ወጥ ያለበት አንድ ድስት ቀድሞ ተቀምጧል፤ በቁመትም በጥላሸትም እኩያው። እሳቸው የገዛ ድስታቸውን ክዳን በአረንጓዴ ጨርቅ አሰሩ፣ የኛን በነጭ አቡጀዲ አሰሩ፤ «ማንም እንዳይነካ» ብለው ዳሱን ሊያስጠግኑ ወጡ።

እኔ ቅልጥም ፈልጌ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ሲሸተኝ አድሮ ማን ይቻለው። ሁሉም ወደ ዳሱ ሲሮጥ ጓዳ ገባሁና ሁለቱንም ድስት ፈትቼ እጄን ሰደድኩ። ከየትኛው እንደበላሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሴቶች ኮቴ ስሰማ ክዳኖቹን መልሼ፣ ጨርቆቹን እንደነገሩ አስሬ፣ በጓሮ በር ሾለክሁ። አረንጓዴው የትኛው ላይ ነበር ብዬ አላሰብኩም።

እኩለ ቀን ላይ እስላሞቹ እንግዶች ቀድመው በተጠገነው ዳስ ተቀመጡ። ገበታው ቀረበ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ተጀመረ። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበሉ፣ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ አጥንት ወደ ብርሃኑ አነሡ። ጎድን ነው፤ ሰፊ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው።

«ዘሀራ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄን የሚያህል ጎድን ያለው በግ የት አገር ነው?»

እትዬ ዘሀራ አጥንቱን አዩት። ድስቱን አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ሲዞር እኔ ላይ አረፈ፤ ከምሰሶው ሥር ቆሜያለሁ። ወደ እኔ መጡ፣ የሻሻቸውን ጫፍ ያዙና አገጬን ጠረጉኝ። አጠንክረው ጠረጉኝ። ጨርቁ ላይ የወጥ ቅባት ቀረ፤ ጠቅልለው ወደ ውስጥ መለሱት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ድስቱን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ አላወቅኩም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እናንተም ይቅር በሉኝ።»

አንዲት ሴት አፏን ይዛ ከዳሱ ጀርባ ሮጠች። ሌሎቹ ውሃ ጠይቀው ይጉመጠመጡ ጀመር። ሸህ እንድሪስ «ሳያውቅ የበላ ኃጢአት የለበትም» ብለው ተነሡ፣ ከሳቸው ጋር ዳሱ በሙሉ ተነሣ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ቢለምን የሚሰማው አላገኘም። አያ አሊ በመጨረሻ ወጡ፤ በእህታቸው አጠገብ ሲያልፉ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ባለሽበት ድግስ ቢላ አላነሣም» አሉ። አባቴም ሳይቀር፣ «ዘሀራ፣ በልጄ ሠርግ እንግዶቼን አስበተንሽብኝ» አላቸው። እሳቸውም ጭልፋቸውን አጥበው ሄዱ።

እኔ ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው። ነገ እናገራለሁ እል ነበር፤ ልጅ ስትሆን ነገ ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘሀራን ማንም ለድግስ አልጠራቸውም። ቀን የሚጠይቃቸውም ጠፋ። እስላም ጎረቤቶቻችን ሠርጋችን ላይ አይቀሩም ነበር፤ ይመጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ዳቦና ማር ቀምሰው ይሄዳሉ። ሥጋ ግን አይነኩም። እኛም ከነሱ ዘንድ እንደዚያው ሆንን። ጠብ የለም፣ ሰላምታው አለ፤ ብቻ አንድ ነገር ከመሀል ወጣ። እትዬ ዘሀራ ሾላው ሥር ማሾ ይለቅማሉ። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ በዙሪያ መንገድ እሄድ ነበር።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሚስት ታጨችልኝ። የዚያ ዓመት ረመዳን ጥር ላይ ወደቀ፣ ከኋላው ደግሞ ሁዳዴ ይመጣል። ቀን የሚያገኝ ጠፋ። እኔም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቁልቋሉ ቀዳዳ፣ ትከሻዬ እየተቧጨረ፣ ወደ እትዬ ዘሀራ ገባሁ። አርጅተዋል። ከደጃቸው ሰሌን ላይ ተቀምጠው ነበር።

«በበር የሚገባ ሙሽራ ጠፋ?» አሉኝ።

እግራቸው ሥር ተደፍቼ ነገርኳቸው። ቅልጥሙን፣ ጨርቁን፣ ሁሉንም።

«አውቃለሁ» አሉ። «አፍህን የጠረግሁት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ እትዬ? ልጅ ነው ያጠፋው ቢሉ እኮ ተገርፌ ያልፍ ነበር።»

«አንተን ብናገር» አሉ፣ «‹የክርስቲያን ልጅ ድስታችንን አረከሰ› ይባላል። ልጁን ማን ላከው ይባላል። አባትህ ይጠየቃል፣ እሱም መልስ አለው። ቃል ቃልን ይወልዳል። ዘሀራ ተሳሳተች ሲባል ግን የኛው አሮጊት ናት፤ አማርረው ይተዋሉ። ዳሩ የተውት እኔን ነው።»

ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ፣ ሠርጌን እርስዎ ይምሩልኝ አልኳቸው። ቆጣ አሉ። «ሠርግህ ላይ ጠብ ልትጠራ ነው? ማል። ወላሂ በል አልልህም፣ በናንተው ማል።» በኪዳነ ምሕረት አስማሉኝ። ከዚያ ከዘራቸውን አምጣ አሉኝና መሬቱን መጫር ጀመሩ። እስከ ምሽት ድረስ ሁሉንም አስተማሩኝ፤ ጨረቃዋን እንዴት እንደሚያዩ፣ ቄሱን ምን እንደሚጠይቁ፣ እሳቱ ከነፋሱ በየት በኩል እንደሚሆን፣ ማን ከማን ጎን እንደማይቀመጥ። ስነሣ «ከኢድ በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ» አሉኝ፣ «ሰኞ።»

ሰኞ ሆነ። የእስላሙን በግ ያረደው ሰው ሌላ ነው፣ ያበሰሉት ሴቶችም ሌሎች ናቸው፤ ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ። እንግዶቹ መጡ፣ መረቁ፣ ዳቦና ማር ቀመሱ። ሥጋው ቀርቦ እጅ ሳይነካው ይቀዘቅዛል። እትዬ ዘሀራ ዘግይተው መጡ። ከዳሩ፣ ለአምስት ሰው ከቀረበ ገበታ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ በሉ። ቀስ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ በሉ። ማንም አልተከተላቸውም። ሙሽራ ከመቀመጫው አይነሣም ይባላል፤ እኔም አልተነሣሁም። በልተው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው በእጃቸው መረቁኝና ሄዱ።

ክረምቱ ሲወጣ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ፤ አያ አሊ እህታቸውን ሲቀብሩ ዓይናቸው ደረቅ ነበር። መሐላዬ አፌን ያዘው። ኋላ ሸህ እንድሪስ ሞቱ፣ አባቴ ሞተ፣ አያ አሊም ሞቱ። መሐላው ነው ዝም ያሰኘኝ እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃትም ነበረበት።

ዛሬ ቀን የሚጠየቀው እኔ ነኝ። ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል። ልጆቹ ስልካቸው ሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር እንደሚያውቅ ይነግሩኛል፤ ቢሆንም ይመጣሉ። «ጋሼ የማያውቁት የለም» ይሉኛል።

ያን ዳስ ባየሁ በማግስቱ የአያ አሊ የልጅ ልጅ መጣ። ሊያገባ ነው። ቀን ስቆጥርለት ቆየና፣ «ይሄን ሁሉ ማን አስተማረዎት?» አለኝ።

«እትዬ ዘሀራ» አልኩት።

«የትኛዋ ዘሀራ? ድስት ያቀያየረችው? የአያቴ እህት ነች ይላሉ፤ አያቴ ግን ስሟን አያነሡም ነበር።»

ያን ጊዜ መሐላዬን አፈረስኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከቅልጥሙ ጀምሬ። እኔ ነኝ ያቀያየርኩት አልኩት። ልጁ ደንግጦ አየኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም።

«ታዲያ አያቴ በሕይወት እያሉ ቢነግሯቸው ኖሮስ?» አለኝ።

ቀኑን እንደገና በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። እሱም ሽማግሌ ማስጨነቅ ሆኖበት መሬት መሬቱን አየ። ከውጭ እሱን ያመጣው ባጃጅ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«እንግዲህ እየጠበቀኝ ነው ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ቀኑን ይንገሩኝና ልሂድ።»

«ሐሙስ» አልኩት።