ሮም ወድቃ የምትቀርበት ክፍል

እስቲ ያን ጥቁር ሰሌዳ እዩት። በሀዋሳ መሃል ከተማ ያለ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው፤ ጊዜው ሚያዝያ 1976። «የሮም አወዳደቅ» ይላል በጠመኔ። ከተጻፈ ሰንብቷል። የሚያጠፋው የለም፣ ምክንያቱም የሚማርበት የለም። ተማሪው ሜዳ ላይ ለላብ አደሮች ቀን ሰልፍ እግሩን እያነሳ ይጥላል።

የታሪክ መምህርቷ እታፈራሁ በር ላይ ቆማ አቧራውን ታያለች። ያናድዳል! በየዓመቱ ያው ነው። አቴና ደህና ትገባለች። የሮም ባሪያና ጌታም ካድሬዎቹ ስለሚወዱት ማንም አይነካውም። ከዚያ ዘመቻ ይመጣል፣ ስብሰባ ይመጣል፣ ልምምድ ይመጣል። የአውሮፓ ህዳሴ ግን አንድም ዓመት መጥቶ አያውቅም። ተማሪዋ ሁሉ ሮምን ፍርስራሽ ላይ ትቶ ይመረቃል። ዘንድሮስ? ዘንድሮ ሳላስተምረው አልቀርም ብላ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደች።

«ጓድ ግዛቸው፣ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይስጡኝ። ምዕራፉን ልጨርስ።»

«አውሮፓ የት ትሸሻለች?» አለ እየሳቀ። «ባሪያውን አስተምረሻል፣ ፊውዳሉን አስተምረሻል። ከዚያ ቀጥ ብለሽ ወደ ካፒታሊዝም ዝለያ!»

«ሰው እኮ እንዲያው አይዘልም። መሃሉ ላይ “ለምን?” ብለው የጠየቁ ሰዎች አሉ።»

«ሰልፉ ከተበላሸ እኔም አንቺም እንጠየቃለን። ስለነሱ የሚጠይቅሽ ግን የለም።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ምዕራፉን ልታስተምራቸው ተማሪዎቿን አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤቷ ጠራቻቸው። አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያናቸው የታሸገባቸው የጴንጤ ልጆች ናቸው። አንድ በአንድ በጓሮ ገቡ። ጫማቸውን ከደጅ አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡ። ከመካከላቸው ታቢታ የምትባለው መስኮቱን ጠረቀመችው።

«ኧረ ሙቀቱ! ለምን ትዘጊዋለሽ?»

«ለምዶብን ነው፣ ቲቸር።»

እንዲህ ተደብቆ መሰብሰብን ማንም አላዘዛቸውም፤ ዘመኑ አስለምዷቸዋል። እታፈራሁ ሳቀች። ምነው ባልሳቀች! ምነው መስኮቱን ብታስከፍተው ኖሮ!

ከአሮጌ መጽሔት የቀደደችውን ስዕል አነሳች፤ ማርያም ልጇን ታቅፋ። «እይዋት፣ ሥጋና ደም ያላት እናት ናት። ሰዓሊው ሰውን ማየት ጀመረ...» ስትል በሩ ተበረገደ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ኩማ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ።

«ያለ ፈቃድ ጸሎት! እጅ ከፍንጅ!»

«ጋሽ ኩማ፣ ትምህርት ነው።»

«መስኮት ዘግቶ? ጫማ ደብቆ? እነዚህን ጴንጤዎች ከነአባታቸው አውቃቸዋለሁ!»

«ጴንጤ የማርያምን ስዕል ምን ያደርግለታል?» አለች ታቢታ።

ልጆቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ኩማ ስዕሉን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ መምህርቷን አየ።

«አሃ! ኦርቶዶክሱና ጴንጤው አንድ ላይ ማደማችሁ ነዋ! ይኼማ ይብሳል!»

ቀበሌ ወሰዷቸው። ልጆቹ ሲመሽ ተለቀቁ፤ እሷ ሰነበተች። ስትመለስ የታሪክ ክፍለ ጊዜዋ ለፖለቲካ ትምህርት ተሰጥቷል። ለሷ ምን ሰጧት? የሰልፍ አስተባባሪነት! ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናች ሴት ፀሐይ ላይ ቆማ «ግራ! ቀኝ!» ስትል ከረመች። ልጆቹም ህዳሴን ሳያዩ ተፈትነው ተበተኑ።

ይህ ቀልድ ነው? አውሮፓማ ምን ቀረባት? ህዳሴዋን ጨርሳ አልፋለች። የቀረብን እኛ ነን። ያረጀ ነገር ሲወድቅ እናውቃለን፣ ከወደቀ በኋላ ሰው እንዴት አስቦ፣ ጠይቆ እንደሚነሳ ግን ማንም አላስተማረንም። ዛሬም ሲወድቅ ቆመን እናያለን።

በእነዚያ ዓመታት ከፊቷ የተቀመጥህ ሁሉ፣ እታፈራሁ ዛሬም እዚያው አዲስ ከተማ አለች። ጡረታ ወጥታለች፣ ጊዜ አላት። እባክህ ሂድና «ቲቸር፣ ከሮም በኋላ ምን ሆነ?» ብለህ ጠይቃት።