አባቴን ከውኃ ጋር ያስታረቁ ሐኪም

ዶክተር ታምሩ ይመር ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ኮምቦልቻ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ስልኩ ሲደወልልኝ ተረኝነቴን ጨርሼ ከደሴ በሚኒባስ እየወረድኩ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ጮክ ብዬ ማልቀሴን ያወቅሁት ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ «እህቴ፣ ማን ነው የሞተብሽ?» ሲለኝ ነው። ስማቸውን ስነግረው ኮፍያውን አወለቀ። «እናቴን ያከሟት እኮ እሳቸው ናቸው» አለ። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮም «እኔንም» አለች። እዚያው መንገድ ዳር ሦስታችንም አለቀስን።

ለቅሶ ቤት ብዙዎቻችሁ ጠጋ ብላችሁ «ልባቸው ነው እንዴ?» ስትሉ ጠይቃችሁኛል። አይደለም፤ የቆሽት ካንሰር ነው። ልባቸውማ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አልከዳቻቸውም። ስለዚያች ልብ የምነግራችሁ ነገር ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ዘሃራ እንድሪስ እባላለሁ። ደሴ ላይ በውስጥ ደዌ ክፍል ለብዙ ዓመታት ከእሳቸው ሥር የሠራሁ ነርስ ነኝ። ዶክተር ታምሩ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የወንጌል አማኝ ነበሩ፤ አያታቸው ግን ሙስሊም ናቸው። «የእኔን ቤት በዓል አያጣውም» እያሉ ይስቁ ነበር። ሼህም ይግባ ቄስ፣ ገበሬም ይግባ ነጋዴ፣ የመጀመሪያ ቃላቸው «አብሽሩ»፣ አይዟችሁ፣ ነበር። ተቆጥተው አያውቁም ብዬ አልዋሽም። ሽማግሌ ታካሚ ወንበር አጥቶ ቆሞ ካገኙ እኛ ነርሶቹ ላይ ዓይናቸውን ያፈጡብን ነበር። «ሰውዬው ከኩታበር ድረስ መጥቶ እናንተን ለማየት ይቁም?» ይሉናል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ለታካሚው ሕመሙን ሲያስረዱ የልቡን ሥር መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ይስሉለታል፤ ሁልጊዜም ግራው ላይ፣ ቀኙ መብያው ነውና። «ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ታጥቦ ይጠፋል እኮ ዶክተር» ስላቸው «እስኪጠፋ ደጋግሞ ያየዋል፤ ያኔ በቃሉ ይይዘዋል» ይሉኝ ነበር። እውነትም ይይዙት ነበር።

የአባቴ ነገር እንዲህ ነው። አባቴ እንድሪስ ቢስቲማ ላይ ገበሬ ነው። ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ማሳው ላይ ወደቀና ደሴ አመጣነው። ዶክተር መርምረው፣ ለልቡ ደም ከሚያደርሱት ሥሮች አንዱ ሊደፈን እንደደረሰ ነገሩን። ሕክምናው አዲስ አበባ ነው። በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሥሩን ይከፍቱታል፤ ተመልሶ እንዳይጠብም ከሽቦ የተሠራች ትንሽ የብረት ድጋፍ ይተክሉበታል። አባቴ ብረት የሚለውን ሲሰማ ከትራሱ ተነሳ።

«ከአፈር ተፈጥሬ ብረት ይዤ አፈር ልግባ? ወላሂ አላደርገውም!»

እናቴ አለቀሰች፣ አጎቶቼ ተቆጡት፣ እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ወይ ፍንክች! ዶክተር ግን አልተከራከሩትም። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና ግራ መዳፉን ያዙት።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄደው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ክንዴ የተሰበረ ጊዜ።»

«በቀርከሃ አስሮልዎት ነበር?»

«አዎን።»

«ታዲያ ቀርከሃው ዛሬ የት አለ?»

አባቴ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «አጥንቱ ሲጠና ፈታልኛ!»

«እንግዲያው ብረት ያልሆነም ድጋፍ አለ። ሥሩን ደግፎ ያቆየዋል፤ ሥሩ ሲያገግም ደግሞ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱ ቀስ እያለ ሟሙቶ ይጠፋል። ፈቺም አያሻው።»

እሳቸው ነገር ሸፍነው መናገር አይወዱምና የቀረውንም ልጻፍ። «ለሁሉም ሰው አይሆንም» አሉት። «የፊተኞቹ ወፈር ያሉ ነበሩ፤ ደም እየረጋባቸው ሰው ስለጎዱ ቀርተዋል። አሁን የተሻሉ መጥተዋል፤ የብረቱን ያህል ግን ገና አልተፈተኑም። የእርስዎ ሥር ሰፊ ነው፣ የጠበበውም አጭር ቦታ ነው። ለእርስዎ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ኪኒን ካጓደሉ ግን ተጣላን!» አባቴ እሺ አለ። አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ለሥልጠና ከውጭ ከመጡ ሐኪሞች ጋር ሆነው ተከሉለት። በእግሩ እየሄደ ቢስቲማ ሲገባ አገሩ አልሐምዱሊላህ አለ።

ወራት አለፉ፤ ረመዳን ተቃረበ። ዶክተር የአባቴ ልብ መረጋጋቷን አይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ኪኒኖቹን ለማታው ኢፍጣርና ለሌሊቱ ሱሁር ደለደሉለት። «ያ አላህ! ጴንጤ ሐኪም ሱሁር ያስተምረኝ?» እያለ አባቴ ለጎረቤት ሁሉ አወራው።

ጾሙም ዒዱም አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ደወለችልኝ።

«ዘሃራ፣ አባትሽ ከውኃ ተጣልቷል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከዒድ በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾመ፣ እሺ መርሃባ አልን። አሁንም አላቋረጠም። ማታ እንኳ ከንፈሩን አርሶ ይተወዋል። ኪኒኑንም ብዙ ውኃ ይፈልጋል ብሎ ትቶታል።»

ያ ኪኒን ሲቋረጥ ድጋፉ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ከረጋ ደግሞ ሥሩ ድንገት ይዘጋል። ከቢስቲማ ደሴ እስኪደርስ ማን ይጠብቀዋል? «አባቴን ስጪኝ» አልኳት።

«ልጄ፣» አለኝ ረጋ ብሎ፣ «ይሟሟል አላሉም? አሞሌ ጨው ውኃ ሲነካው ነው የሚሟሟው። ሥሬ ሳይጠና አልቆ ቢሄድብኝስ? ስጾም ይቆይልኛል።»

ሐቂቃ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእሱ ልክ ነበር! ነፍሱን ያቆየ መስሎት ነው ነፍሱን ገደል አፋፍ ላይ ያቆማት። ኪኒን በስልክ አይዋጥ ነገር! ብለምነው ብቆጣው አልሰማኝ አለ።

ዶክተር ጋ ስደውል ከቤተ ክርስቲያን መውጣታቸው ነበር። ሱፋቸውን እንደለበሱ ደሴ መጥተው ወሰዱኝ። መንገድ ላይ እኔ ሳለቅስ እሳቸው «አብሽሪ» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገሩም፤ መኪናውን ግን እንደዚያ ሲያከንፉት አይቼ አላውቅም።

ቤታችን ደጃፍ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። የአባቴ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። ይቆጡታል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ እናቴ ዞረው «እማማ፣ ውኃ በትልቁ ጣሳ» አሉ። ቀረበላቸው፤ ጨለጡት። ይደገም አሉ፤ ያንንም ጨለጡት።

«ኧረ በአላህ፣ ምን አቃጠለህ?» አለ አባቴ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይህ ድጋፍ እኔም ልብ ውስጥ አለ። ነበረ ልበል እንጂ፤ ዛሬ ሟሙቶ አልቋል። ሕንድ ለትምህርት ሄጄ ሳለሁ ታምሜ፣ ያውም ከፊተኞቹ ዓይነት ነው የተተከለልኝ። ከዚያ ወዲህ የጠጣሁት ውኃ ቦርከናን ይሞላል። ከጊዜው ቀድሞ አልሟሟብኝም። በጠጡት ውኃ ልክ አይደለም የሚያልቀው፤ የራሱ ጊዜ አለው። ኪኒኔን ግን አቋርጬ አላውቅም።»

ይህን እኔም ገና ያኔ መስማቴ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ፣ ደረጃውን ከእኛ ቀድመው ሲወጡ፣ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

አባቴ ትክ ብሎ አያቸው። «ወላሂ በል።»

«እኔ አልምልም ጋሽ እንድሪስ። አዎ ካልኩ አዎ ነው። ካላመኑኝ ልቤን ይጠይቋት።» የልብ ማዳመጫውን ከኪሳቸው አውጥተው አባቴ ጆሮ ላይ ሰኩ፤ ጫፉን ሸሚዛቸውን ከፍተው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

አባቴ ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ቆይቶ ዓይኑ ፈጠጠ። «ይቺማ ሰንጋ ፈረስ ናት!» አለ። እናቴ እልል ብላ ጣሳውን ሞላችው። አባቴ ጣሳውን ተቀበለ፤ ቢስሚላህ ብሎ ኪኒኑን ዋጠና ውኃውን እስከ ታች ጠጣው።

«ገልብጠው ያሳዩኝ» አሉት። ገለበጠው፤ ጠብታ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲደውሉለት ሰላምታቸው ይህ ሆነ፦ «ጋሽ እንድሪስ፣ ጣሳው ባዶ ነው?» እሱም «ባዶ ነው!» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። የአባቴም ድጋፍ በጊዜው ሟሙቶ አለቀ፤ ሥሩ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። አባቴ ማሳውን ያርሳል፣ የልጆቼን ልጅነት ያያል። ይህን ያገኘሁት በእሳቸው እጅ ነው። ምን ብዬ አመሰግናለሁ?

በመጨረሻው ሰሞን፣ ምግብም ውኃም ከጉሮሯቸው አልወርድ ሲላቸው፣ አባቴ ከቢስቲማ ያንኑ ጣሳ ይዞ መጣ። ቀና አድርጎ ደገፋቸውና ውኃ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋ። «አፈር ስሆን፣ ትንሽ ቅመስልኝ። አሁን ተራው የኔ ነው።» አንዴ ተጎነጩ፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። ፈገግ ለማለት እየሞከሩ «ዛሬስ ጣሳው ባዶ አልሆነም፣ ጋሽ እንድሪስ» አሉት።

«አብሽር ልጄ። የቀረውን እኔ እጠጣልሃለሁ» አለና ጠጣው። ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት።

ዶክተር ታምሩ፣ ቀብርዎ ላይ ከኩታበርም ከቢስቲማም የመጣውን ሰው ቢያዩት ኖሮ «ይህ ሁሉ ሰው ወንበር አግኝቷል?» ብለው በተቆጡን ነበር። የእርስዎ ዘማሪዎች ዘመሩ፤ የእኛም ሽማግሌዎች በዚያው ጥግ ቆመው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እርስዎ ባይደርሱለት ቀድሞዎት ይሞት የነበረው አባቴ አስከሬንዎን በትከሻው ተሸከመ፤ ከወጣቶቹ መካከል ቦታ የለም ቢሉት አልለቅም አለ። እኔም መዳፍ ላይ መሳሉን ቀጥያለሁ፤ ግራው ላይ ነው፣ አይስጉ።

ዛሬ ጠዋት ይህን ከመጻፌ በፊት ቢስቲማ ደወልኩ። አባቴ ኪኒኑን ውጦ ነበር። «ታምሩ ሳይጠይቀኝ ነጋ፤ አንቺ ንገሪልኝ» አለኝ። እንግዲህ አደራዬን ላድርስ። ጣሳው ባዶ ነው፣ ዶክተር። አብሽሩ።